ፍራንክሊን ሩዝቬልት፤ ከቴምብር መዝገብ እስከ ባሕር በር

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በስዌዝ ቦይ መካከል በሚገኘው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ መልሕቋን ጥላ የቆመች ክዊንሲ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ የሁለት አገሮችን መሪዎች አገናኘች። አንደኛው ከአዲስ አበባ በአሜሪካ አውሮፕላን በምሥጢር የመጡት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከያልታ ጉባኤ የተመለሱት፣ ፊታቸው የገረጣና ሰውነታቸው የከሳ፣ ዕድሜያቸው ሊፈጸም ሁለት ወር ብቻ የቀረው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ነበሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄዎች ዋነኛው የባሕር በር ነበር። ጥያቄው የቀረበላቸው ሰው ደግሞ ባሕርን፣ መርከብንና የዓለምን ካርታ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሁለት ጣት በሚያዝ ወረቀት ላይ ሲያጠኑ የኖሩ ነበሩ። የኚህን ሰው ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ስለ ፖለቲካቸው በሰፊው ሲያትቱ፣ የቴምብር ሰብሳቢነታቸውን እንደ ዋዛ በአንድ መስመር ያልፉታል። ጉዳዩ ግን ከዚያ የሰፋ ቦታ ይገባዋል።

ሩዝቬልት በጥር 30 ቀን 1882 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ስፍራ ከባለጠጋ ቤተሰብ ተወለዱ። የእናታቸው አባት ዋረን ዴላኖ ከቻይና ጋር በመነገድ የበለጸጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ እናታቸው ሣራም በልጅነታቸው በሸራ መርከብ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ተጉዘዋል። ቴምብር መሰብሰብን በቤተሰቡ ውስጥ የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ስብስቡ ከሣራ ወደ ወንድማቸው ወደ ፍሬደሪክ፣ ከፍሬደሪክ ደግሞ ወደ እኅት ልጅ ተላለፈና ፍራንክሊን ገና በሕፃንነታቸው ባለ መዝገብ ሆኑ። ለእናታቸው አንድ ልጅ ብቻ ስለ ነበሩ አብሯቸው የሚጫወት ጓደኛ አልበዛም። እያንዳንዱ ቴምብር የመጣበትን አገር በካርታ ላይ እየፈለጉ፣ ወደቡንና ወንዙን፣ ንጉሡንና ገንዘቡን ማወቅ የዘወትር ሥራቸው ሆነ። በኋላ ዘመን በጦርነቱ ወቅት የጦር አዛዦቻቸው ስለ አንዲት የማትታወቅ ደሴት ሲናገሩ ፕሬዚዳንቱ ያለችበትን ቀድመው ማወቃቸው ብዙዎችን ያስደንቅ ነበር።

ልባቸው ወደ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ቢያዘነብልም አባታቸው አልፈቀዱም፤ ወደ ሃርቫርድ ገቡ፤ ከዚያም ሕግ ተማሩ። ይሁን እንጂ የባሕር ፍቅር አልለቀቃቸውም። የአድሚራል ማሃንን የባሕር ኃይል ታሪክ በወጣትነታቸው አጥንተዋል። በ1913፣ ገና በሠላሳ አንድ ዓመታቸው፣ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆነው ተሾሙና ሰባት ዓመት አገለገሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከደገፏቸው ዕቅዶች አንዱ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ደሴቶች እስከ ኖርዌይ ድረስ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን መውጫ በፈንጂ አጥር መዝጋት ነበር። በ1918 በሰሜን ባሕር ውስጥ የተዘረጋው ይህ አጥር ከ70,000 በላይ ፈንጂዎች የነበሩት ሲሆን፣ ብዙዎቹ የባሕር ኃይል መኰንኖች ሊሠራ አይችልም ብለው የተከራከሩበት ሥራ ነበር። ጦርነቱ በዚያው ዓመት ስላበቃ አጥሩ የደከመበትን ያህል ፍሬ አላሳየም። ሆኖም ምክትል ሚኒስትሩ የአንድን ቴክኒካዊ ሐሳብ ጥቅም ካመኑበት ከባለሙያ ጋር እስከ መጨረሻው የሚከራከሩ ሰው መሆናቸውን አሳይቷል። በእነዚሁ ዓመታት የጦር መርከብ ሥዕሎችን፣ የቆዩ የመርከበኞች ደብዳቤዎችንና በእንጨት የተሠሩ የመርከብ ሞዴሎችን በብዛት ሰበሰቡ።

በነሐሴ 1921 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ልምሻ መታቸው። ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ብዙ ወራት በአልጋ ላይ ዋሉ፤ ከዚያ በኋላም ያለ ብረት ድጋፍና ያለ ሰው ክንድ ቆመው አልሄዱም። የቴምብር መዝገቡ ከጊዜ ማሳለፊያነት ወደ ሕይወት ድጋፍነት የተለወጠው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። መራመድ የተሳነው ሰው በአልጋው ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ፣ በማጉያ መነጽርና በመቆንጠጫ፣ ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ፕሬዚዳንት ከሆኑም በኋላ ከመኝታ በፊት ጥቂት ጊዜ ለቴምብር መስጠትን አልተዉም፤ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዙም የቴምብር ሳጥናቸው አብሮ ይጓዝ ነበር።

በመጋቢት 1933 ሥልጣን ሲይዙ ሰብሳቢው የአሳታሚው አለቃ ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት የሥልጣን ዘመናቸው የወጡት ከ200 በላይ ቴምብሮች በዓይናቸው ሥር አልፈዋል፤ አንዳንዶቹንም በእርሳስ የነደፉት ራሳቸው ናቸው። በ1933 ለባሕር ኃይል መኰንኑ ለሪቻርድ ቤርድ የአንታርክቲካ ጉዞ የወጣው የ3 ሳንቲም ቴምብር በእሳቸው ንድፍ ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1934 ስለ እናቶች ቀን የወጣውንም እንዲሁ ነድፈዋል። የፖስታ ሚኒስትሩ ጄምስ ፋርሊ ግን አዲስ ቴምብር ሲታተም ጠርዙ ያልተበሳና ሙጫ ያልተቀባ ሉህ ከማተሚያ ቤት እያወጡ ለፕሬዚዳንቱና ለወዳጆቻቸው ይሰጡ ነበር። ይህ ሲሰማ የሰብሳቢዎች ማኅበር ሁሉ ተነሣ፤ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤት ደረሰ። ማንም ዜጋ የማያገኘውን ብርቅ ነገር ለአለቃ በዋጋው መስጠት ስጦታ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ፕሬዚዳንቱም ይህን ቀድመው ማስተዋል ነበረባቸው። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነበር። በመጋቢት 1935 ያው ዓይነት ሉህ በብዛት ታትሞ ለፈለገ ሁሉ ተሸጠ፤ የወዳጆቹም ብርቅ ሀብት በአንድ ጊዜ ተራ ነገር ሆነ።

በዚሁ ዘመን የመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፕ መሰብሰብ ተስፋፋ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ የዚያን ጊዜ አሠራር እንዲህ ነበር። አዲስ ቴምብር የሚወጣበት ቀንና ከተማ አስቀድሞ ይነገራል። ሰብሳቢው አድራሻውን ጽፎ ኤንቨሎፑን ከገንዘቡ ጋር ወደዚያ ከተማ ፖስታ ቤት ይልክ ነበር፤ ቴምብሩ ተለጥፎ በዚያው ዕለት ማኅተም ይመታና ይመለስለት ነበር። ከአድራሻው በስተግራ የሚቀረው ባዶ ቦታ ለሥዕል ይሆናል። በማተሚያ የሚታተም ሥዕል ከ1923 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጠው ግን አንድ ሠዓሊ በቀለምና በብሩሽ በአንድ ኤንቨሎፕ ላይ በእጁ የሚሥለው ነው። ከእነዚህ ሠዓልያን መካከል በ1940ዎቹ የሠሩት ዶሮቲ ናፕ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል፤ ከእጃቸው የወጣ አንድ ኤንቨሎፕ እንደ አንድ የሥዕል ሥራ ይቆጠራል።

የጦር መርከብ ወዳጆች ደግሞ ለራሳቸው ሌላ በር ነበራቸው። ከ1908 ጀምሮ የአሜሪካ የጦር መርከቦች የየራሳቸው ፖስታ ቤት ነበራቸው፤ ማኅተሙም የመርከቧን ስም ይይዛል። ሰብሳቢው ኤንቨሎፑን ወደ መርከቧ ይልካል፤ የመርከቧ ፖስታ ሠራተኛ ወደ ውኃ የወረደችበትን ወይም ወደብ የገባችበትን ቀን ጠብቆ ማኅተሙን ይመታል። በ1932 የእነዚህ ሰብሳቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከ1936 እስከ 1937 የምድር ጦርንና የባሕር ኃይልን ጀግኖች የሚያሳዩ አምስት አምስት ቴምብሮች በወጡ ጊዜ ይህ ሥራ ወደ ላቀ ደረጃ ደረሰ። ከባሕር ኃይሉ በኩል ጆን ፖል ጆንስ፣ ዲካተር፣ ፋራጉት፣ ዲውይና ሌሎችም ከነመርከቦቻቸው ታዩ፤ የመጨረሻው የ5 ሳንቲም ቴምብር የባሕር ኃይሉን ትምህርት ቤት ያሳያል፤ ፕሬዚዳንቱ በወጣትነታቸው የተመኙትንና ያላገኙትን ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከምድር ጦሩ በኩል ግን ጀኔራል ሊ በትከሻቸው ላይ የኮከብ ቍጥር ጎድሎባቸዋል ተብሎ የደቡብ ሰዎች አኵርፈዋል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ከ70 ዓመት በኋላ አንዲት ኮከብ ይህን ያህል ማነጋገሯ ትንሿ ወረቀት የምትሸከመውን ክብደት ያሳያል።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የመርከብ ስም በፖስታ ማኅተም ላይ እንዳይታይ ተደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስምና ቀን ያለበት ኤንቨሎፕ መርከቧ የት እንዳለች ለጠላት ይናገራል። ሰብሳቢው ፕሬዚዳንት የሰብሳቢዎች ደስታ በጦርነት ጊዜ ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን ከማንም በላይ የሚያውቁ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኢትዮጵያ በእኚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ ቀርባ ነበር፤ ያኔ ያገኘችው መልስ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በጥቅምት 3 ቀን 1935 የፋሺስት ጦር ድንበር ሲያልፍ፣ ሩዝቬልት ከሁለት ቀን በኋላ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አዘዙ። ኢጣልያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ስላላት ክልከላው አልጎዳትም፤ የተጎዳችው መሣሪያ ከውጭ መግዛት የሚያስፈልጋት ኢትዮጵያ ነበረች። ሕጉን ያወጣው ምክር ቤት ቢሆንም ፊርማው የእሳቸው ነው። የኢጣልያን ወረራ መንግሥታቸው በሕግ አለማወቁ በበኩሉ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በማይጨው ለወደቀ ሰው ይህ የዘገየ ምስጋና ነው።

ሁለተኛው ጊዜ በባሕር በኩል መጣ። ምጽዋ በሚያዝያ 8 ቀን 1941 በወደቀች በሦስተኛው ቀን፣ ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከእንግዲህ የጦርነት ቀጠና አይደሉም ብለው ዐወጁ። አገራቸው ገና በጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች የንግድ መርከቦቿ ወደ ጦርነት ቀጠና መግባት በሕግ ተከልክለው ነበር። በአንድ ዐዋጅ መንገዱ ተከፈተና የአሜሪካ መርከቦች በግብፅ ለሚዋጋው የእንግሊዝ ጦር ስንቅና መሣሪያ ይዘው እስከ ስዌዝ መድረስ ቻሉ። እዚህ ላይ ካርታ አዋቂው ሰው ይታያል። ቀይ ባሕር ነፃ የወጣው ግን በከረን ተራሮች ላይ በፈሰሰ ደምና በመላ አገሪቱ ጠላትን እረፍት በነሡት አርበኞች ተጋድሎ ጭምር መሆኑ መረሳት የለበትም። ዐዋጁ ሲነገር ጎንደር ገና በጄኔራል ናዚ እጅ ነበረች። ከምጽዋ ተነሥቶ በአሥመራ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የሚገባው መንገድ ከባሕር ተቆረጠ፤ ከወደብ ምንም የማያገኘው ጦር በተራራው ላይ ብቻውን ቀረ። በደባርቅ አጠገብ ከሊማሊሞ ራስጌ የነበረው ምሽግ በመስከረም 1941 እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ባሕር በሌለው በሰሜን ተራራ ላይ የወደብን ትርጉም ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የምጽዋን ወደብ ግን ኢጣልያኖች ከመውጣታቸው በፊት መርከቦችን በመስመር አስጥመው ዘግተውት ነበር። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባሉ መሐንዲስ መኰንን ላከ። የሰመጠውን ትልቁን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ማንሣት አይቻልም ተብሎ ነበር፤ ወለሉ በፈንጂ ተቀዶአልና። ኤልስበርግ ቀዳዳዎቹን ለመድፈን አልደከሙም። የላይኛውን ክፍል አየር እንዳያስወጣ አድርገው ዘጉና የታመቀ አየር ነፉበት፤ ውኃው በገባበት ቀዳዳ ተገፍቶ ወጣ፤ መጠገኛው በዘጠኝ ቀን ተንሳፈፈ። የመሣሪያው እጥረትና የምጽዋ ሙቀት ሲታሰብ፣ ይህ ሥራ በሙያው መጻሕፍት ውስጥ ካገኘው የበለጠ ቦታ ይገባዋል።

በ1943 ዓመት ውስጥ ሩዝቬልት ወደ ቴምብር ተመለሱ። በጠላት የተያዙ አገሮችን ሰንደቅ ዓላማ በየመልኩ የሚያሳዩ የ5 ሳንቲም ቴምብሮች እንዲወጡ አሳሰቡ። የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት በአንድ ቴምብር ላይ ይህን ያህል ቀለም የማተም መሣሪያ ስላልነበረው ሥራው ለግል ኩባንያ ተሰጠ። ከፖላንድ እስከ ኮሪያ 13 አገሮች ታዩ። በፋሺስት ኢጣልያ የተወረረችው አልባንያ ከመካከላቸው ነች። ከእሷ በፊት በዚያው እጅ የተወረረችው ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ሰንደቅ ዓላማዋ ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ በገዛ ከተማዋ ላይ ተሰቅሎ ነበርና። በዚያው ዓመት በነሐሴ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጦርነት ጊዜ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ።

ክዊንሲ ላይ የሆነው የዚህ ሁሉ ቀጣይ ነው። መርከቧ በ1943 መጨረሻ አገልግሎት የጀመረች፣ ኖርማንዲ ላይ ጦር በወረደ ጊዜ በመድፎቿ የተካፈለች ናት፤ ስሟን የወረሰቻት ቀዳሚዋ ክዊንሲ በ1942 በፓሲፊክ ሰጥማለች። ንጉሠ ነገሥቱ ከተከተሏቸው ሹማምንት መካከል አቶ አክሊሉ ሀብተ ወልድና አቶ ይልማ ደሬሳ ነበሩ። በጽሑፍ ተዘጋጅቶ የቀረበው ጉዳይ የኤርትራን መመለስና የባሕር በርን፣ የጅቡቲን የምድር ባቡር፣ የጦር መሣሪያ እርዳታን፣ በሰላሙ ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያን መካፈል ያጠቃልላል። ፕሬዚዳንቱ በትኩረት አዳመጡ፤ የተጨበጠ ተስፋ ግን አልሰጡም። ለስጦታ የተሰጡት አራት ወታደራዊ መኪናዎች ነበሩ። እንግሊዞች ስብሰባው እንደሚደረግ ዘግይተው ስለ ሰሙ አልተደሰቱም። ከውጤቱ ይልቅ መገናኘቱ ራሱ ከበደ ማለት ይቻላል፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ጉዳይዋን በለንደን በኩል ብቻ የምታቀርብ አገር አልሆነችም። በማግሥቱ የዓረቢያው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ በዚያችው መርከብ ላይ ተቀመጡ፤ የዓለም ጋዜጦችም የእሳቸውን ስብሰባ ይበልጥ አወሩ።

ሩዝቬልት በሚያዝያ 12 ቀን 1945 በዎርም ስፕሪንግስ ዐረፉ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚከፈተውን የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሚያስታውሰው ቴምብር ንድፍ በእሳቸው ታይቶ ያለቀ ነበር፤ ሚያዝያ 25 ቀን ሲወጣ ስማቸው ተጨምሮበት ወጣ። የመጀመሪያውን ሉህ እዚያው ተገኝተው ሊገዙ አስበው ነበር። በዚያ ጉባኤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ከመሥራቾቹ መንግሥታት ጋር ተቀምጠዋል። በሐምሌ ወር የኢዎ ጂማ ቴምብር፣ በጥቅምት ወር ደግሞ የባሕር ኃይሉ ቴምብር ተከትለው ወጡ፤ የጦርነቱን መርከቦች በእጅ ሥለው በኤንቨሎፕ ላይ ያኖሩ ሠዓልያን ብዙ የሠሩት በእነዚህ ቀናት ነው። የመርከብ ስም በማኅተም ላይ መታየቱም ተመለሰ።

ለእሳቸው መታሰቢያ ቴምብር ያወጡ አገሮች ብዙ ናቸው። ሞናኮ ያወጣችው ፕሬዚዳንቱን ከመዝገባቸው ፊት አስቀምጦ ያሳያል፤ ቀራጩ ተሳስቶ በግራ እጃቸው ላይ ስድስት ጣት ስላደረገላቸው ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይሥቁበታል። ኢትዮጵያም በ1939 ዓ.ም. በስማቸው መታሰቢያ ቴምብሮች አውጥታለች። የራሳቸው ስብስብ ከ1,200,000 በላይ ቴምብሮች እንደ ነበሩት ይገመታል፤ ከ1946 ጀምሮ በኒውዮርክ በጨረታ ተሸጦ ከ200,000 ዶላር በላይ አስገኘና በየሰው እጅ ተበተነ። የመርከብ ሞዴሎቻቸውና ሥዕሎቻቸው ግን በሃይድ ፓርክ ባቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ቀሩ።

በመራራው ሐይቅ ላይ የተጠየቀው የባሕር በር መልስ ያገኘው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር ነው። በ1955 ምጽዋ ላይ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። በ1962 አሜሪካ አንድ መርከብ ሰጠች፤ ይህችም በ1944 መጀመሪያ በሩዝቬልት የጦርነት ዘመን አገልግሎት የጀመረችና ኦርካ በሚል ስም በፓሲፊክ የተዋጋች ነበረች። ስሟ ተለውጦ "ኢትዮጵያ" ተባለችና የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆነች፤ ወጣት መኰንኖች ትምህርታቸውን የተለማመዱትም በእሷ ላይ ነው። በ1991 ምጽዋና አሰብ ከእጅ ሲወጡ ከቀሩት መርከቦች ጋር ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993፣ ኤርትራ ነፃ መንግሥት በሆነችበት ዓመት፣ ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች።